የተንሻፈፈ የበር ፓኔል አስተካከል፦ ለቆዩ የስፖርት መኪኖች

«የበሩ ፓኔል ከታች ለቆ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል፤ በማስቲሽ ልለጥፈው ወይስ ረዘም ያለ ቪቴ ልምታበት?» ይህን ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግመን እንጠየቃለን። የበር ፓኔል ማለት በሩን ከውስጥ በኩል የሚሸፍነው ሰሌዳ ነው። መልሱ «ሁለቱንም አያድርጉ» ነው። በማስቲሽ የተለጠፈ ፓኔል ሌላ ጊዜ ሳይቀደድ አይወልቅም። ቪቴ ደግሞ የራሰውን ሰሌዳ ይሰነጥቅና ሽፋኑ ላይ የማይድን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ፓኔሉን ያንሻፈፈው ውሃ አሁንም በሩ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ውሃው ካልተገታ ዛሬ ያቀኑት ሰሌዳ ከጥቂት ዝናብ በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

መመሪያው በተለይ የሚመለከተው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ፣ ማለትም በማሶናይት ወይም በመሰል ፋይበር ላይ ቪኒል ተለብጦ የተሠራ ፓኔልን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተመረተው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ኤምጂቢም ሆነ ከ1989 እስከ 1997 የተመረተው የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የዚህ ዓይነት ፓኔል አላቸው። ፓኔልዎ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ ደረጃ 1፣ 2 እና 4ን ይሥሩና «ሙሉ ፕላስቲክ ለሆነ ፓኔል» ወደሚለው ክፍል ይሂዱ።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ዝናብ በበር መስታወት ላይ ሲወርድ የተወሰነው ከውጭ በኩል ባለው የመስታወት ጎሚኒ ሾልኮ በሩ ውስጥ ይገባል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በሩ ሲሠራም ታስቦበታል። ውሃው በሩ ውስጥ ወርዶ ከታች በላሜራው መጋጠሚያ ላይ ባሉት መውጫ ቀዳዳዎች ይወጣል። በውስጠኛው ላሜራ ላይ ያሉትን ትልልቅ ክፍተቶች ደግሞ የውሃ መከላከያ ላስቲክ ይሸፍናቸዋል። ችግሩ የሚጀምረው ላስቲኩ ሲቀደድ፣ ማጣበቂያው ሲደርቅ ወይም አንድ ሰው ስፒከር ሲያስገባ ቆርጦት ሲተወው ነው። ያኔ ጠብታው በቀጥታ የፓኔሉ ጀርባ ላይ ያርፋል።

ፓኔሉ ከፊት በቪኒል የታሸገ ስለሆነ ውሃ የሚጠጣው በጀርባው ብቻ ነው። የጀርባው ቃጫ ሲያብጥ ይረዝማል፤ ፊቱ ግን ባለበት ይቆያል፤ ስለዚህ ጠርዞቹ ወደ ተሳፋሪው በኩል ይታጠፋሉ። በፀሐይ ብዛት የተኮማተረ አሮጌ ቪኒልም በዚያው አቅጣጫ ይስበዋል። ሁለቱ ኃይሎች ተደምረው ክሊፕሶቹን ከሰሌዳው ላይ ይነቅሏቸዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመፍታት፦
- ካቻቪቴዎች፣ ሹካ ያለው የክሊፕስ መንቀያ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ
- ቀጥ ያለ ረጅም የብረት ማስመሪያ እና ውፍረት መለኪያ ካሊፐር

ለውሃው፦
- 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ (ለአንድ በር 1 ሜትር በ1.2 ሜትር ከበቂ በላይ ነው)
- 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በገመድ መልክ የሚሸጥ የቡታይል ማጣበቂያ፤ ለአንድ በር 4 ሜትር
- ቅባትና ማጣበቂያ የሚያስለቅቅ ነጭ ናፍጣ፣ 2 ሊትር ውሃ የሚይዝ ጆግ፣ አሮጌ ጋዜጣ

ለሰሌዳው፦
- ከፓኔሉ የሚበልጡ ሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች፣ እያንዳንዳቸው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው
- ከ40 እስከ 60 ኪሎ ክብደት ወይም 8 የሚያህሉ የእጅ ሞርሳዎች
- ውሃ መርጫ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ስስ ጣውላዎች
- ቀጭን ኢፖክሲ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ
- በዘይት ላይ የተመሠረተ ወይም ፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ 250 ሚሊ ሊትር፣ ቁጥር 120 እና 240 የብርጭቆ ወረቀት
- ሙቀት የሚቋቋም ማስቲሽ
- ለመኪናው ሞዴል የሚስማሙ አዳዲስ ክሊፕሶች (የነበሩትን ቆጥረው 4 ትርፍ ይጨምሩ)

ከመጀመርዎ በፊት ይጠንቀቁ

በሩ መስታወቱን በኤሌክትሪክ የሚያወጣና የሚያወርድ ከሆነ መጀመሪያ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ዘግተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። እጅዎ በሩ ውስጥ እያለ አንድ ሰው ማብሪያውን ቢነካ ማንሻው ጣት ይቆርጣል። የላሜራው ክፍተት ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሆነ ወፍራም ጓንት ያድርጉ። ሻጋታ ያለበት ሰሌዳ ሲፍቁ የአቧራ መከላከያ ጭምብል፣ ኢፖክሲ ሲነኩ ደግሞ የጎማ ጓንት ያስፈልጋል። ማስቲሽና ቫርኒሽ እሳት የሚይዙ ናቸው፤ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሥሩ፤ ሙቅ አየር መንፊያውንም ከአጠገባቸው ያርቁ። መኪናው በበሩ ውስጥ ኤርባግ ካለው (በኋለኞቹ ሞዴሎች ይገኛል) የአምራቹን መመሪያ ሳይዙ በሩን አይፍቱ።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ፓኔሉን ያውልቁ

መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፤ ከዚያ በእጅ የሚዞረው የመስታወት ማንሻ በዚህ ቦታ ወዴት እንደሚያይ ፎቶ ያንሱ። ሲገጥሙ በዚያው አቅጣጫ ካልመለሱት እጀታው ጉልበትዎን ሲመታ ይኖራል።

የማንሻው አያያዝ በመኪናው ይለያያል። በኤምጂቢ መሀሉ ላይ ያለውን ቪቴ መፍታት ይበቃል። በኤምኤክስ-5 ግን ከእጀታው ጀርባ የፈረስ ጫማ የመሰለ የሽቦ ክሊፕ አለ። የጥጥ ጨርቅ በእጀታውና በፓኔሉ መካከል ከሥር ያስገቡና ሁለቱን ጫፍ ይዘው ጫማ እንደሚወለውል ሰው ወዲያና ወዲህ ይሳቡ፤ ጨርቁ ክሊፑን ይዞ ያወጣዋል። ክሊፑ ተስፈንጥሮ ስለሚጠፋ በሌላ ጨርቅ ከላይ ይሸፍኑት።

ቀጥሎ የክንድ ማሳረፊያውን፣ የበር መክፈቻውን ክፈፍና የመቆለፊያውን አናት ይፍቱ። የማይታይ ቪቴ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በክንድ ማሳረፊያው ሥር ወይም በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ነው። ፓኔሉ ሲስቡት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከያዘ ጉልበት አይጨምሩ፤ ያልፈቱት ቪቴ አለ ማለት ነው።

ክሊፕሶቹን ከታች ይጀምሩ። ሹካው መግባት ያለበት በክሊፑ ራስና በላሜራው መካከል ነው። በሰሌዳውና በክሊፑ መካከል ካስገቡት የደከመው ሰሌዳ ክሊፑን ላሜራው ላይ ትቶ ይቀደዳል። ሁሉም ሲለቁ ፓኔሉን ወደ ላይ ያንሱት፤ አብዛኛው ከመስታወቱ ሥር ባለው ከንፈር ላይ የተንጠለጠለ ነው። የስፒከርና የማብሪያ ገመዶችን ያላቅቁ።

2. ይመርምሩ፤ ይቃና ወይስ ይቀየር?

ፓኔሉን በንጹሕ ብርድ ልብስ ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርገው ያስተኙት። ማስመሪያውን በጀርባው ላይ አጋድመው ትልቁን ክፍተት ይለኩ፤ የታችኛውን ጠርዝ ውፍረትም በካሊፐር በ5 ቦታ ይለኩ። ጤነኛው ክፍል 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጠርዙ እስከ 4 ከደረሰና በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጎድ ከሆነ ይቃናል። ከ4.5 በላይ ያበጠ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተገላለጠ ወይም በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ቃጫዎቹን የያዘው ሙጫ አልቋል። እንዲህ ያለው ቢጫኑትም እርጥበት በነካው ቁጥር ይከፈታል። ጉዳቱ ከታች ጠርዝ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ከቆመ በደረጃ 6 ይጠገናል፤ ከዚያ ካለፈ ደረጃ 4ን ሠርተው ወደ ደረጃ 7 ይለፉ።

የክፍተቱ መጠን ብቻውን አይፍረድ። 25 ሚሊ ሜትር የጎበጠ ጠንካራ ሰሌዳ 8 ሚሊ ሜትር ከጎበጠ የበሰበሰ ሰሌዳ በቀላሉ ይድናል።

3. ያድርቁት

ፓኔሉን በአራት ጣውላዎች ላይ፣ ከላይም ከታችም አየር እንዲያገኘው አድርገው ከ2 እስከ 3 ቀን በጥላ ያቆዩት። ፀሐይ ላይ ማስጣት አንዱን ገጽ ከሌላው ቀድሞ ስለሚያደርቅ ያባብሰዋል። መድረቁን በእጅ ዳሰሳ ማወቅ አይቻልም፤ በወጥ ቤት ሚዛን ማታና ጠዋት ይመዝኑት። ክብደቱ ለአንድ ሙሉ ቀን መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

4. የውሃውን መንገድ ያስተካክሉ

ፓኔሉ እስኪደርቅ ድረስ በሩ ላይ ይሥሩ። ጥድፊያ ካለብዎ ሌላ ደረጃ ላይ ያሳጥሩ እንጂ ይህኛውን አይንኩት።

ሀ) አሮጌውን ላስቲክ ቀስ ብለው ያንሱት፤ ለአዲሱ ቅርጽ ማውጫ ይሆናል። ላሜራው ላይ የቀረውን ጥቁር ማጣበቂያ በጨርቅ አይሹት፤ ይዘረጋል እንጂ አይለቅም። ካነሱት ማጣበቂያ ላይ የዋልኑት ፍሬ የሚያህል አድቦልቡለው ቅሪቱ ላይ ጫን ነቀል፣ ጫን ነቀል ያድርጉት፤ ማጣበቂያ ማጣበቂያን ይዞ ይነሳል። የተረፈውን በነጭ ናፍጣ ይጥረጉ።

ለ) በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን መውጫ ቀዳዳዎች ይፈልጉ። አቧራ፣ ቅጠልና የጎሚኒ ብናኝ ተጋግሮ ይደፍናቸዋል። በፕላስቲክ የኬብል ማሰሪያ ጫፍ ይክፈቷቸው። በድሪል ወይም በሹል ብረት ከገቡ ቀለሙን ይፍቁና በሩን ከውስጥ ያዝጉታል።

ሐ) ላስቲኩን ሳይመልሱ መስታወቱ ላይ ከውጭ አንድ ሊትር ውሃ በዝግታ ያፍስሱና ከውስጥ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ ውሃው በሙሉ ከታች እየወጣ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ጠብታው የውስጠኛውን ላሜራ የሚነካው የት ላይ ነው? ብዙ ጊዜ በመስታወቱ ሐዲድ ወይም በመቆለፊያው ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣና ከዚያ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል። ያንን ቦታ ምልክት ያድርጉበት። ውሃው ጠብታ መሆኑ ቀርቶ ሲንዠቀዠቅ ከታየ ግን የውጩ ጎሚኒ ራሱ ደርቆ ከመስታወቱ ርቋል፤ ይቀየር።

መ) አዲሱን ላስቲክ በአሮጌው ልክ፣ ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር አስፍተው ይቁረጡ። የማንሻው ዘንግ የሚያልፍበትን በትንሽ የመስቀል ቅድ ብቻ ይክፈቱ። የቡታይሉን ገመድ ላሜራው ላይ ሳያቋርጡ ዙሪያውን ይለጥፉ፤ ሁለት ጫፎች በሚገናኙበት ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር ያደራርቡ፤ መጋጠሚያውም ከላይ ይሁን። ክሊፕስ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ከገመዱ ውጭ ይተዉ።

ሠ) ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፦ የላስቲኩ የታችኛው ጫፍ በላሜራው ላይ ካለው ክፍተት ወይም ስንጥቅ ወደ በሩ ውስጥ መግባት አለበት። ላስቲኩ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ በላዩ የወረደው ውሃ ጫፉ ወዳለበት ይሄዳል። ጫፉ ላሜራው ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ውሃውን ሰብስቦ የፓኔሉ ታችኛው ጠርዝ ላይ ያፈሰዋል፤ ያኔ ላስቲክ ባይኖር ይሻል ነበር።

ረ) በሩ ስፒከር ካለው ከስፒከሩ ጀርባና ከላይ በኩል እንደ ባርኔጣ ክፈፍ የሚጋርድ የላስቲክ ቁራጭ በቡታይል ይለጥፉ። ዙሪያውን ግን አይዝጉት፤ ድምፁም ይታፈናል፣ ውሃም ይጠራቀማል።

ሰ) ፈተናውን ይድገሙ። ላስቲኩ ላይ በውስጥ በኩል ጋዜጣ በፕላስተር ይለጥፉና 2 ሊትር ውሃ በ5 ደቂቃ ውስጥ በመስታወቱ ላይ ያፍስሱ። ጋዜጣው ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው እርጥበት እንኳ ከታየ ያ ቦታ ይታሸግ፤ ፈተናውም እንደገና ይደረግ።

5. ሰሌዳውን ያቅኑ

መጀመሪያ ፓኔሉ ፊት ላይ ጎልተው የሚታዩ ጌጦችንና እጀታዎችን ያንሱ። በማይነሳ ጉብታ ላይ የሚጭኑ ከሆነ የታችኛውን ሰሌዳ በጉብታው ልክ ይብሱት፤ አለበለዚያ ጉብታው ይጨፈለቃል።

ቪኒሉ ከጀርባ የተለጠፈበትን እጥፋት በጎበጠው ጎን ላይ ብቻ በጥንቃቄ ያላቅቁ። የተኮማተረ ቪኒል እንደ ተወጠረ ጅማት ጠርዙን ይዞ ስለሚስበው፣ እጥፋቱ እንደተለጠፈ ቢጫኑት ከሞርሳው በወጣ በሁለተኛው ቀን ይመለሳል።

የጎበጠውን ክፍል ጀርባ ብቻ ለብ ባለ ውሃ ይርጩት። ቀለሙ ጠቆር እስኪል ይበቃል፤ ውሃ ገጹ ላይ ከቆመ አብዝተዋል፤ በጨርቅ ያንሱት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ቃጫው እርጥበቱን ወስዶ ካልለሰለሰ በግፊት ይሰነጠቃል።

አሁን የታችኛውን ሰሌዳ፣ በላዩ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ ፓኔሉን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ያኑሩ። ፓኔሉ መሀሉ ከፍ ብሎ ጠርዞቹ መሬት የያዙ ሆኖ ይታያል። በሁለቱ ተቃራኒ ጠርዞች ሥር 3 ሚሊ ሜትር ስስ ጣውላዎችን ያስገቡ። ከላይ ውሃ የሚመጥ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ ደርበው ሁለተኛውን ሰሌዳ ይጫኑ። ጣውላዎቹ ፓኔሉን በተቃራኒው አቅጣጫ ትንሽ እንዲጎብጥ ያደርጉታል። ከጫና ሲወጣ ሁልጊዜ ጥቂት ስለሚመለስ፣ ቀጥ ብሎ የደረቀ ሰሌዳ መጨረሻው ቀጥ ያለ አይሆንም።

ክብደቱን መሀል ለመሀል በትነው ይጫኑ። በሞርሳ ከሆነ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ያድርጉ፤ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያጥብቁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግማሽ ዙር፣ ከሌላ ሰዓት በኋላ ቀሪውን። ጋዜጣውን በየ10 ሰዓቱ ይቀይሩ፤ እርጥብ ጋዜጣ ሥር የታፈነ ሰሌዳ ይሻግታል። ከ2 እስከ 3 ቀን በኋላ ስስ ጣውላዎቹን ያውጡና ጠፍጣፋ ሆኖ አንድ ቀን ይጨመርለት።

ማስመሪያው ሥር የቀረው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ያንን ክሊፕሶቹ ይይዙታል። ከ5 በላይ ከቀረ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ሁለቴ ተሞክሮ እምቢ ያለ ሰሌዳ በሦስተኛው አይታረምም።

6. የደከመውን ያጠንክሩ፣ ከዚያ ያሽጉ

የተገላለጠ ጠርዝ ካለ ኢፖክሲውን በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን ቀላቅለው በሲሪንጅ በገጾቹ መካከል ያስገቡ፤ ላስቲክ ከላይና ከታች አድርገው በሞርሳ ለ24 ሰዓት ይያዙት። የእንጨት ነጭ ኮላ እዚህ አይመከርም፤ በውሃ የተሠራ ስለሆነ ያደረቁትን ቃጫ መልሶ ያሳብጠዋል።

ክሊፕስ የያዘው ቀዳዳ ተቀዶ ከሰፋ ሁለት ድርብ የፋይበር ግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ ነክረው ከጀርባ ይለጥፉ። ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍን፤ ሲደርቅም ቀዳዳውን በአዲሱ ክሊፕስ ልክ ይክፈቱ። ከዚህ በላይ አያወፍሩት፤ ክሊፕሱ አይቀመጥም።

ሰሌዳው በሚዛን ፈተና መድረቁ ከተረጋገጠ በኋላ ጀርባውን በቁጥር 120 ወረቀት ያሻክሩና 3 ቀጫጭን ድርብ ቫርኒሽ ይቀቡ፤ በድርቦቹ መካከል በቁጥር 240 ይሹት። ጠርዙንና የቀዳዳዎቹን የውስጥ ግድግዳ በትንሽ ብሩሽ ይጨርሱ፤ ውሃ መጀመሪያ የሚገባው በተቆረጠ ጎን ነው፤ ሰፊው ጀርባ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እርጥብ ሰሌዳ ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ደግሞ ውሃውን ከውስጥ አሽጎ ያሻግተዋል።

7. ሰሌዳው ካልዳነ አዲስ ይቁረጡ

3 ሚሊ ሜትር ማሶናይት ይበቃል። ውሃ የሚቋቋም ኮላ የተጠቀመ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔልሳቶም ይሆናል። «ይጠንክርልኝ» ብለው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር አይውሰዱ፤ ክሊፕሶቹ ላሜራው ድረስ አይደርሱም፤ የማንሻው ዘንግም አጭር ሆኖ እጀታው አይይዝም። የፕላስቲክ ሰሌዳ ውሃ አይጠጣም፤ ግን በፀሐይ ግለት በክሊፕሶች መካከል ይለምጣል፤ አንዳንድ ማስቲሽም ያቀልጠዋል።

ቪኒሉን ከጀርባ ስቴፕሎቹን ነቅለው፣ ሰሌዳውን ከጀርባው በሙቅ አየር ለብ እያደረጉ ቀስ ብለው ይግፈፉት። ወደ ላይ አይንጩት፤ ወደ ኋላ አጥፈው ከራሱ ጋር ትይዩ አድርገው ይሳቡት። አሮጌው ስፖንጅ እንደ ዱቄት ከረገፈ ሙሉ በሙሉ ይጥረጉና በተመሳሳይ ውፍረት ይተኩ።

አሮጌውን ሰሌዳ አዲሱ ላይ አስተኝተው በቀጭን እርሳስ ይሳሉ። የተበላሸው የቀኙ ብቻ ከሆነ የግራውን ገልብጠው መጠቀም ይቻላል፤ ግን የመስታወት ማብሪያና የጎን ማያ መስተዋት መቆጣጠሪያ ቀዳዳ በሁለቱ በሮች ስለሚለያይ ቀዳዳዎቹን በየበሩ ይለኩ። ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ተርፎ በደቃቅ ጥርስ ይቁረጡና በብርጭቆ ወረቀት ወደ መስመሩ ያምጡት። ሲበሱ ከሥር ትራፊ እንጨት ያድርጉ፤ ካልሆነ ድሪሉ በሚወጣበት በኩል ቃጫው ይፈነዳል። ቪኒል ከመልበሱ በፊት ባዶውን ሰሌዳ በሩ ላይ ገጥመው እያንዳንዱን ክሊፕስ ይሞክሩ። አሁን 2 ሚሊ ሜትር ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከለበሰ በኋላ አይቻልም። ከዚያ በደረጃ 6 እንደተገለጸው በቫርኒሽ ያሽጉት፤ ፊቱን ግን ለማስቲሽ ይተዉለት።

8. ቪኒሉን ይለጥፉ

በሁለቱም ገጽ ላይ ስስ ማስቲሽ ይቀቡና በጣት ሲነካ መከተል እስኪያቆም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ሳይደርቅ ከገጠሙት ውስጡ የቀረው ጋዝ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ፊኛ ያብጣል። ማስቲሹ ሲገናኝ ወዲያው ስለሚይዝ በመካከላቸው የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ዘርግተው ከመሀል ጀምረው ወረቀቱን ወደ ውጭ እየሳቡ በመዳፍ ይጫኑ። የአለባበሱ መስመር ካለ መሀሉን ከመስመሩ ጋር ያጣጥሙ።

እጥፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የተኮማተረ አሮጌ ቪኒል ካልደረሰልዎ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁትና ቀስ ብለው ይሳቡት። ክብ ጥግ ላይ እጥፋቱን በሦስት ማዕዘን እየሸነሸኑ ይቁረጡ፤ ቅዱ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ይቁም፤ ካለፈ ከፊት ይታያል። ስቴፕል ከተጠቀሙ ርዝመቱ ከ4 ሚሊ ሜትር አይብለጥ።

9. ይግጠሙ

አዲሶቹን ክሊፕሶች በሙሉ ሰሌዳው ላይ ያስገቡ። አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ፤ የደከመው ክሊፕ ሲለቅ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ፓኔሉን ከላይኛው ከንፈር ይስቀሉና ገመዶቹን ያገናኙ፤ እያንዳንዱ ክሊፕ ከቀዳዳው ፊት መቆሙን በጎን በኩል እያዩ ከመሀል ወደ ጎኖቹ በመዳፍ ይምቱ። ቡጢ የሚጠይቅ ከሆነ ክሊፑ ቀዳዳውን ስቷል፤ ይመለሱ። የማንሻውን የሽቦ ክሊፕ መጀመሪያ እጀታው ላይ ያስገቡ፤ ከዚያ በፎቶው አቅጣጫ ዘንጉ ላይ አድርገው በመዳፍ አንዴ ሲመቱት ይገባል።

ሙሉ ፕላስቲክ ለሆነ ፓኔል

ከጀርባው የተቀረጸውን የፕላስቲክ ዓይነት ያንብቡ። ኤቢኤስ (ABS) ከሆነ ከጀርባ በሙቅ አየር መንፊያ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ እጅዎን ሳያቆሙ እያንቀሳቀሱ ያሙቁት። ገጹ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለመጥ ይጀምራል፤ 100 ሲያልፍ የቆዳ መሰሉ ንድፍ ከፊት ይጠፋል፤ ስለዚህ በሌዘር ቴርሞሜትር ይከታተሉ። በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ተጭኖ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይንኩት። የተሰበረ የክሊፕስ መያዣ ካለ የኤቢኤስ ስብርባሪ በአሴቶን አሟሙተው እንደ ገንፎ ሲሆን ከጀርባ ይለጥፉበት። ፖሊፕሮፒሊን (PP) ከሆነ ይህ አይሠራም፤ አሴቶን አይነካውም፤ ተራ ኮላም አይይዘውም። እሱን በፕላስቲክ ብየዳ ያሠሩት።

የሚደጋገሙ ስሕተቶች

- ላስቲኩን በሲልከን መለጠፍ። አንዳንዱ ሲልከን ሲደርቅ የኮምጣጤ አሲድ ይለቃል፤ ላሜራውን ያዝገዋል። ላስቲኩም ሌላ ጊዜ ሳይቀደድ አይነሳም።
- ሙቅ አየሩን በቪኒሉ ፊት መንፋት። ያንጸባርቃል፤ ያ ንጽብርቅ አይጠፋም።
- ከባድ ስፒከር በሰሌዳው ላይ ብቻ ማሰር። በሩ በተዘጋ ቁጥር ሰሌዳውን ይነቀንቃል፤ ቪቴው ላሜራውን ወይም የስፒከር ቀለበቱን መያዝ አለበት።
- የአንድ በር ብቻ መጠገን። የግራው ላስቲክ ካረጀ የቀኙም ያው ዕድሜ ነው፤ ቢያንስ ፈሰስ አድርገው ይሞክሩት።

ከገጠሙ በኋላ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ሲያልፍ ታችኛውን ክሊፕስ አንድ ብቻ ነቅለው ጣትዎን ከፓኔሉ ጀርባ ያስገቡ። ጠርዙ ደረቅ ከሆነ ክሊፑን መልሰው ይጫኑ። እርጥብ ከሆነ ደረጃ 4 ሠ ላይ ይጀምሩ፤ የላስቲኩ ጫፍ ከስንጥቁ ወጥቷል።